ለሚያዝያ 27 የተቆረጠ ሰርግ

ዳንግላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1953 ዓ.ም.

ዛሬ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የእጮኛዬ አባት አያ ተገኘ ከሽማግሌዎች ጋር ቤታችን ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሰርጌን ቀን ለሚያዝያ 27 ቆረጡት። በዓል ስለሆነ ለሰዉም ለእኔም ይመቻል አሉ።

ቀና ብዬ እናቴን ማየት አቃተኝ። ጣሊያን አባቴን የገደለው በሚያዝያ 27 ነው። በየዓመቱ ከተማው ባንዲራ ሲሰቅል እሷ ጥቁሯን ለብሳ ሙት ዓመቱን ታስባለች።

አያ ተገኘም ይህን ያውቃሉ። «እመይቴ፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት፣ ጣሊያን በገባበት ቀን በአምስት ዓመቱ ነው። ለቅሶውን በደስታ ሻሩት። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ» አሏት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ለጃንሆይ አገራቸው ተመለሰችላቸው። ለእኔ ማን ተመለሰልኝ?» አለች።

ቀኑ ይቀየር ግን አላለችም፤ እንግዶቹን መርቃ ሸኘች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ጀመርኩና ተውኩት። እናቴ ጓሮ ሆና ጌሾ ትወቅጣለች። ጠላው ለሰርጌ ይሁን ለሙት ዓመቱ አልነገረችኝም። ወጥቼ ልጠይቃት ብዬ ሁለቴ ተነሣሁ፤ ሁለቴም ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሙቀጫው አሁንም አላቆመም።