የስድሳ አንደኛው ገጽ ወንዝ

ሰኞ፣ ጥር ፲፬ ቀን፤ ሰባ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ከአምስት ቀን በሆነኝ ዕለት የተጻፈ።

ለተከበሩት ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ብርድ ሲመጣ አመሉ የሚነሣበት የግራው ነበር ወይስ የቀኙ? ይህን እንኳ መርሳቴ ያሳፍረኛል። የሰው እርዳታ ሳይሹ እንዲያነቡት ብዬ ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁ። እኔ ከጥርሶቼና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ጥርሶቼን የጥርስ ሐኪሙ አማቼ ተረክቧቸዋል፤ ወገቤን የተረከበው ግን ወንዝ ነው። የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ወንዝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጄ፣ ባሏና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ለዕረፍት ከተራራው ሥር፣ ወንዝ ዳር፣ ድንኳን ተክለን አራት ቀን እንድንሰነብት ወሰኑ። «ወሰኑ» ማለቴ እኔን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ለምንስ ይጠይቁኝ? ስለ ወንዝና ስለ ድንኳን መጽሐፍ የጻፍኩት እኔው! የመረጡትም በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን፣ ያንኑ የልጅነታችንን ወንዝ ነው። ተኝቶ የሚያመነዥክ በሬ የሚመስለው ጥቁር ድንጋይ ዛሬም ከቦታው አልተነሣም።

በሠርጉ ላይ ስላልነበሩ አማቼን አያውቁትም። አንድ ጥርስ ከመንቀሉ በፊት ሦስት ጊዜ የሚያስብ፣ አራተኛ ጊዜ ደግሞ የሚጠይቅ ጥንቁቅ ሰው ነው። ስለ ድንኳን አተካከል የጻፍኳቸውን ገጾች ፎቶ ኮፒ አስደርጎ፣ እርጥበት እንዳይነካቸው በላስቲክ አሽጎ ይዞ መጣ። ከገጾቹ በአንዱ ላይ «የድንኳኑ አፍ ወደ ወንዙ ይዙር፤ ውሃው እንደ ናፈቀን እንግዳ ገብቶ ያውጋን» የሚል ቃል አለ። ወንድም ጋሼ፣ ይህ ዐረፍተ ነገር ያማረ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን ደክሜበታለሁ። እርስዎ በልጅነታችን የድንኳናችንን ጀርባ ለወንዙ ሰጥተው እንደ ተከሉት አልረሳሁም። ነገር ግን «ጀርባ» ብዬ ብጽፍ ውበቱ ይጠፋብኝ ነበር።

ዐሥር ሰዓት ገደማ ከሸለቆው የተነሣው ነፋስ በዚያ ባማረው አፍ ገባ። ድንኳኑ መጀመሪያ ሆዱን ነፋ፤ ቀጥሎ ካስማዎቹን እንደ ወተት ጥርስ አንድ በአንድ ነቀለ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሄደ። አማቼ በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዞ ተከተለው። እየሮጠ ያነብ ነበር፤ የት ላይ እንደ ተሳሳተ ሊያውቅ! ልጄ «ኧረ ወረቀቱን ተወውና ድንኳኑን ያዝ!» እያለች ትጮሃለች። የእሾህ ቁጥቋጦ ድንኳኑን ባያስቀርልን ኖሮ ዛሬም እየሮጠ ያነብ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሲመለስም አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ የጻፉት በደንብ አልገባኝም መሰለኝ» አለኝ። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ «አይዞህ፣ ልምድ ይጠይቃል» አልኩት።

የልጅ ልጄን በቤታችን «ጠበቃዋ» እንላታለን፤ የያዘችውን ክርክር ሳትረታ አትለቅም። በማግሥቱ ጠዋት እዚያው የሰፈሩትን ሦስት ቤተ ሰቦች ሰብስባ፣ በሬው ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ ስድሳ አንደኛውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። ገጹን ያውቁታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ እግሩ የተሰበረበትን የአሥራ ስምንት ዓመት ወንድሙን አዝሎ ወንዝ ያሻገረበት ነው። አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «ስንት ኪሎ ነበር?» አለችኝ። መጽሐፉ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ይህን የጠየቀኝ አንባቢ አልነበረም። «አልመዘንኩትም» ብል «እሺ፣ በየት በኩል እንደ ተሻገርክ አሳየን» ብላ ሕዝቡን አስጨበጨበችብኝ።

ያንኑ ገጽ መጽሐፉ በተመረቀበት ዕለት በአዳራሹ ውስጥ ሳነበው እርስዎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እርስዎ ባርኔጣዎን አነሡ። በሩ ላይ ለቆመችው ልጄም «ለአባትሽ እግሩን እንዳይበርደው ንገሪው» ብለዋት ወጡ። ነገረችኝ፤ ያልገባኝ መሰልኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጡም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። እኔን እያሳሳቀ የወሰደኝ ግን ጭብጨባ ነው፤ ያን ጠዋትም እንደገና ወሰደኝ።

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ገባሁ። ልጄ «አባዬ፣ ወገብህ! አባዬ፣ ተው!» ስትል ጠበቃዋ «እማዬ ደግሞ፣ ድሮ ያደረገውን እኮ ነው» ትላለች። አራት እርምጃ ተራመድኩ፤ በአምስተኛው ተቀመጥኩ። ወንዝ ውስጥ እንደ መቀመጥ ሰውን ከማዕረጉ የሚያወርድ ነገር አላየሁም። ባርኔጣዬ እንኳ ሳይሰናበተኝ ቁልቁል ነጎደ። አማቼ ከነጫማው ዘሎ ገባና ጎንበስ ብሎ አዘለኝ። የመጣንበት ዳር ቅርብ ነበር። ጠበቃዋ ግን «ወደ ማዶ! ወደ ማዶ!» ብላ ስለ ጮኸች፣ እሱም ልጁን እምቢ ማለት የማይችል አባት ስለ ሆነ፣ ወደ ማዶ አቀና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያደረገው አካሌ ነው፤ እኔ አላዘዝኩትም። እጆቼ ከጉሮሮው ሸሽተው ደረቱ ላይ ተቆላለፉ። አገጬ ቀኝ ትከሻው ላይ ዐረፈ፤ እግሮቼ ውሃውን እንዳይነኩ ወደ ፊት ተሰበሰቡ። አፌም «ነጩ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ ጥቁሩን ርገጥ። ውሃውን አትይ፣ ዛፉን እይ» ይል ጀመር። ወንድም ጋሼ፣ ይህን ቃል የሰማሁት ከስድሳ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ድምፁ የሚመጣው ከፊቴ ነበር። አማቼ ማዶ ሲያወርደኝ እያለከለከ «ጋሼ፣ ሲታዘሉ እኮ ላባ ነዎት! ለምደውታል እንዴ?» አለኝ።

ምሳ ላይ ጠበቃዋ ማንኪያዋን አስቀምጣ «አባባ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች። እንዲህ ስትል ተነሥቶ መሄድ ይሻላል፤ ነገር ግን ሱሪዬ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበርና በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ወዴት እሄዳለሁ? «የታዘለ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ መጽሐፉ ላይ የለም። አንተ ግን ታውቃለህ። ማን አስተማረህ?» አለችኝ። እኔም የቀረበብኝን ማስረጃ ሰምቼ ሾርባዬን ጠጣሁ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ፎጣ አመጣችና፣ ቀስ ብላ «አባዬ፣ እግርህን በረደህ?» አለችኝ።

ለጠበቃዋ «ይህን የሚያውቁት ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቂ» አልኳት። አማቼንም ድንኳኑን ነቅሎ ጀርባውን ለወንዙ እንዲሰጥ ነገርኩት። «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ቢለኝ «ገና ያልተጻፈው ላይ» አልኩት። እስከ አራተኛው ቀን ካስማው ንቅንቅ አላለም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው፤ አሳታሚውን ጥቂት ይቆየኝ ብዬዋለሁ። ስድሳ አንደኛውን ገጽ ቆርጬ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ ኅዳጉ ሰፊ ነው፣ እንደሚያውቁት ይጻፉበት። ወንዙ የአንድ እግር ጫማ ስለ መውሰዱም እዚያ ላይ ሰፍሯል። የማን ጫማ እንደ ነበረ፣ ቤት ስንገባስ በጠፋው ጫማ ማን እንደ ተገረፈ፣ ማን ዝም እንዳለም፣ እርስዎ ያውቃሉ። በፖስታ መላኩ ካስቸገረዎ ገጹን ይዘውት ይምጡ። ጠበቃዋ ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፋ እየጠበቀችዎት ነው፤ እስካሁን አሥራ አራት ደርሰዋል።

ጉልበትዎን ፈጣሪ ያጽናልዎ፤ ደጃፍዎ ከሰው አይለይ፤ ዕድሜዎንም እኔ የምቀድምዎ እስክሆን ድረስ ያርዝመው።

ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ከእርስዎ የማንሰው፣
ታናሽ ወንድምዎ

ከልማዴ ውጭ ደግሜ አላነበብኩትም፤ አላረምኩትምም። ባርመው ያምር ነበርና፣ እንዳለ አሽጌ ልኬዋለሁ።