ዳገት የማይወጣው ወባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

«ወባ ዳገት አይወጣም» አለች ወደ ገደብ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ። ደስ አለኝ። ከወርቃ በላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ የምትኖረው እህቴ ታደለች፣ እኔ ታዱ የምላት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ትንቀጠቀጣለች። እንግዲህ ወባ አይደለም ማለት ነው። ትንኟ ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ተመልሳለች።

ቤቷ ስደርስ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ከዚያ ላብ። ከዚያ እንደገና ብርድ። ልጆች ሆነን እዚህ ቤት ትንኝ አይተን አናውቅም። ዛሬ ግድግዳው ላይ አራት ቆጠርኩ፤ አንዷን ገደልኩ። የዕለቱ ድል ይኸው ነው።

ረቡዕ 19

ጤና ኬላ ወሰድኳት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰላም የድሮ ተማሪዬ ናት። የወባ መመርመሪያው የተሰጣት በጣት የሚቆጠር ስለሆነ አስቀድማ ትጠይቃለች፦ «ሰሞኑን ቆላ አድረሽ ነበር?» አድሬአለሁ ያለ ይመረመራል። ያላደረ ፓራሲታሞል ይዞ ይሄዳል።

ታዱን በክርኔ ጎሰም አደረግኳት። ግን የመዘምራን መሪ ናት።

«አላደርኩም» አለች።

«እስቲ አስቢ» አልኳት።

«ምኑን ነው የማስበው? ጌታ የሚያውቀውን?»

ፓራሲታሞል ተሰጠን። መንገድ ላይ ጮህኩባት። አንዲት ቃል መዋሸት አቃተሽ? እየተንቀጠቀጠች፣ «ለቤተሰቡ አንተ ትበቃለህ» አለችኝ።

ሐሙስ 20

ንዴቱ አልበርድ አለኝ። አያቶቻችን ቆላ ወርደው ሠርተው ሳይመሽ የሚመለሱት የወባን ንዳድ ፈርተው ነበር። መንደሩም ገበያውም ከፍታ ላይ የተተከለው በዚሁ ነው። ዝናብ ሲቀር ረሃብ፣ ከረሃቡ ኋላ ተስቦ፤ ሰው ያኔም ተሰደደ። ከንዳድ ግን የሸሸው ምንጊዜም ወደ ብርድ ነው። ብርዱ ራሱ ሲሸሽስ ወዴት ይኬዳል? ከዚህ ቤት በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ታዱ ለዚያ ተዘጋጅቻለሁ ትላለች። እኔ አልተዘጋጀሁም።

ማምሻውን ትኩሳቱ ሲያይልባት ታዱ ልጇን በሟች እናታችን ስም ጠራቻት።

ዓርብ 21

ዲላ ይዣት ወረድኩ። ጪጩ ስንደርስ አስመለሳት። ክሊኒኩ ውስጥ የት አደርሽ ያላት የለም፤ ጣቷን ወጉ። ወባ። ከባድ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው አሉኝ።

መድኃኒቱን እንደዋጠች ለሰላም ደወልኩ። የታመቀውን ሁሉ ዘረገፍኩባት። እህቴ ከገዛ አልጋዋ ሳትወርድ ነው የተነደፈችው! ሰው ሊሞት ነበር! ደጋ ወባ የለም ብሎ የነገረሽ ማነው?



«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር።»

ቅዳሜ 22

ታዱ ሾርባ ጠጣች። ጨው አነሰው ብላ ተቆጣች። ተመስገን።

የዘጠነኛ ክፍል የማስተማሪያ ማስታወሻዬን አወጣሁ። «ደጋ፦ ቀዝቃዛ፤ ወባ የለበትም።» ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ዘንድሮም መስከረም ላይ አስጽፌዋለሁ።