ለሁለት የሰነጠቅሁት መንጋጋ

ልጄ፣ እጅሽን ያጽናልሽ፤ ዓይንሽን ያብራልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ለሟች እናትሽ ፎቶ አዲስ ፍሬም ሠራሁለት።

"የጥርስ ክፍሎች ተምታተውብኝ የጥርስ ሕክምናውን ፈተና ወደቅሁ፣ ወደ ቤት ልመለስ ነው" ያልሽውን አንብቤ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። አላስነቅልም ብዬ ሁለት ዓመት የያዝኩት የታመመ መንጋጋ ጥርሴ በአራተኛው ቀን ባሰብኝና ተነቀለ። ሐኪሙን "ጥርሴን መልስልኝ" ብዬ ጥርሱን ይዤ ቤት መጣሁ። እንጨት በማስርበት ሞርሳ አሰርኩና በብረት መጋዝ ከላይ እስከ ሥሩ ሰነጠቅሁት። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን "ሽማግሌው፣ እንጨት አለቀብህ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

እንደጻፍሽልኝ ነው። ላዩን ነጩ ድንጋይ ነው፤ መጋዙ ተንገራገጨበት። ከሥሩ ያለው ቢጫው ላይ ግን እሺ ብሎ ሄደ። መሃሉ የነርቩ ጎድጓዳ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከያዝኩት አንቺ እንዴት ያቅትሻል? ግማሹን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ በእጅሽ እያገላበጥሽ አጥኚው።

ድዴ ሲደማ ፈርቼ መቦረሽ ትቼ ነበር። "እንዲያውም ያኔ ነው በደንብ የሚቦረሸው" ስላልሽኝ ቀጠልኩ፤ ደሙ ቆመ። ይኸው አንድ በሽተኛ አድነሻል።

እባክሽ እናቴ፣ ድጋሚ ሳትፈተኚ አትመለሺ። የቀሩኝ አስራ አራት ጥርሶች ናቸው፤ ተመርቀሽ መጀመሪያ የምታጸጂው የእኔን አፍ እንዲሆን እየጠበቅሁልሽ ነው። በሰላም ያገናኘን።

አባትሽ አናጢው