በቀይ ቀለም ስለተፈረደበት ዛፍ

ለክቡር የኮሌጃችን ግቢ ውበትና ጥገና ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና፣ ከተቻለም፣ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ሳሉ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከቤተ ሙከራው መስኮት ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ግንድ ላይ «ደርቋል፣ ሰኞ ይቆረጥ» ብለው በቀይ ቀለም ስላስጻፉበት በቅድሚያ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ግቢ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አንደኛ፣ ዛፉ አልሞተም። ቅጠሉ ደርቆ ከቅርንጫፉ አልወርድ ብሎ ነው። እኛ የዕፅዋት ሰዎች እንዲህ ያለውን «ማርሴሰንት» እንለዋለን፤ ቃሉ «ማርኬስኬሬ» ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ሲሆን መጠውለግ መጀመር ማለት ነው። «መጀመር» የሚለውን ያስምሩልኝ። አሮጌው ቅጠል አዲሱ እንቡጥ ገፍቶ እስኪጥለው ድረስ ቦታውን አይለቅም፤ ጠባዩ ለመሥሪያ ቤታችን እንግዳ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ባለፈው ወር በዘጠኝ ገጽ አመልክቼ ነበር። ስምንቱ ገጽ ስለ ላቲን ነው፤ የግሱን እርባታ ሳይቀር በሰንጠረዥ አሳይቻለሁ። «ዛፉ ሕያው ነውና አይቆረጥ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ዘጠነኛው ገጽ ግርጌ ላይ ወሸቅኳት። ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሻይ ልጠጣ ወጥቼ በዚያው ቀረሁ» ስትለኝ ተቆጥቼ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳነበው እኔንም አምስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። እንግዲህ መጋዙን ሞርጄ ያቀበልኩዎ እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎቼ ይህን ጠባይ በዓይናቸው የሚያዩበት ሌላ ዛፍ ግቢው ውስጥ የለም። ከሰኞ በኋላ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ ልስልላቸው ነው፤ የእኔን የዛፍ ሥዕል ደግሞ ዣንጥላ ነው የሚሉት።

ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ አሁን እንኳ ሰው የሚገባው ነገር ጻፍ» ስላለችኝ ልመናዬን ያለ ላቲን አቀርባለሁ፦ ሰኞ ከመጋዙ በፊት አንዱን ቅርንጫፍ በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካገኙ ሠራተኞቹን ያሰናብቱልኝ፤ ደረቅ ካገኙ የመጋዙን አንድ ጫፍ እኔ እይዛለሁ።

መዝገብ ቤትዎን በወረቀት ማጨናነቅ የማይታክተው፣
በማንበብ መሰልቸትዎ ግን የሚያዝንልዎ፣
አክባሪዎ የዕፅዋት መምህር

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ፍቄ አይቼዋለሁ፤ አረንጓዴ ነው። ሆኖም የመምህር ጥፍር ሥልጣን ስለሌለው የእርስዎን እንጠብቃለን።