አክስቴ በክንድሽ ላይ አየሁት ያለችው

እህትዓለም ሐሊማ፣

ከተለየሽን አንድ ረመዳን አልፎ ሌላው ደረሰ። ልጅሽ ኢማን እኛ ቤት ናት። ወሬዋ አያልቅም፤ የነጌሌን ሰው ሁሉ በስም ትጠራለች። ከአባቷ ለምን እንደለየናት ግን ልነግርሽ ይገባል።

ካጠቡሽ ሴቶች አንዷ አክስታችን ሩቂያ ነበረች። ሬሳ ያጠበ ያየውን አይናገርም። እሷ ግን ለእማ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ክንድሽና ጀርባሽ በልዟል አለች። "ትኩሳት ሰው አይደበድብም፤ ባሏን ጠይቁት!"

ከዚያ ወዲህ ባልሽን ከድርን በዓይነ ቁራኛ ነው የማየው። ከሱቁ ማዶ ቆሜ እጆቹን አያለሁ። "አካም፣ ናጋ?" ብሎ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞራለሁ። ታመሽ ሳለ ልደግፍሽ ክንድሽን ስይዝ ጮኸሽ ነጠቅሽኝ፤ ያን ጊዜ አጥንቴን አመመኝ ነበር ያልሽው፤ ኋላ ግን ዱላ ነው አልኩ። ደግሞ ትኩሳቱ ለቆሽ፣ ሻይ ጠጥተሽ፣ በእኔ ፍርሃት ስቀሽብኝ ነበር። በማግስቱ ድድሽና አፍንጫሽ ደማ፤ ሐኪም ቤት ሳንደርስም አመለጥሽን። የለቀቀ ትኩሳት እንዴት ይገድላል? ኢማንን ስንወስድበት ከድር አልተከራከረም። ዝምታውንም ጠረጠርኩት።

ባለፈው ወር ኢማንን ትኩሳት ያዛት። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ወባ የለባትም ተባለ። ጤና መኮንኑ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አጥብቆ ጥቂት አቆየው። ሲፈታው ቆዳዋ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። በኋላ ድዷ ደማ፣ ጭኗም በለዘ። ማንም አልመታትም፤ ከእማ ጭን አልወረደችም።

ደንጊ ነው አለን፤ ትንኝ የምታመጣው፣ ከቆዳ ሥር ሳይቀር የሚያደማ በሽታ። ጤና መኮንኑንም ጠረጠርኩት፤ ከድር አናግሮት ይሆን ብዬ። ስላንቺ ግን አንድም ቃል ሳንነግረው እማን እንዲህ አላት፦ "እናቴ፣ ትኩሳቱ ሲለቃት ዳነች ብለው ይዘዋት እንዳይሄዱ። የሚያሰጋው ያኔ ነው።" እማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም ትኩሳቱ ለቆሽ የሳቅሽበትን ቀን አስታወስኩ።

ኢማን ድናለች። ከድር ያን ሁሉ ቀን ከግቢው በር ውጭ ተቀምጦ ነበር፤ ግባ ያለው አልነበረም። በመጨረሻ እማ ራሷ ወጥታ አስገባችው። አርብ ልጁን ይወስዳል። ሩቂያ አሁንም "እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሐኪም የት ነበር?" ትላለች። የእኔም ልብ ገና አላረፈም፤ ኢማንን ሲያቅፋት እጆቹን አያለሁ።

ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። አንቺን ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የበለዘ ክንድሽ ነበር፤ እሱን ደግሞ እኔ አላየሁትም፤ ከሩቂያ አፍ የሰማሁት ነው። ከእንግዲህ የማስታውስሽ ራሴ ባየሁት ነው፦ ፊደል ስታስቆጥሪኝ፣ ስሳሳት ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ፣ ከዚያ እንደገና ከ"ሀ" ስታስጀምሪኝ። ኢማንም እናቴ እንዴት ያለች ነበረች ብላ ስትጠይቀኝ የምነግራት ይህንን ነው።

ወንድምሽ ሙስጠፋ