የጌሙ መሪና የጋሼ ፎሌ

ሰኞ

መኪናው ሦስት ጊዜ ተገልብጦብኝ አንድም ቦታ አላመመኝም። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት መኪና ይፈለጋል?

ሚኪ ግን አልሳቀም። ሚኪ ጓደኛዬ ነው፤ ሲግናል ሰፈር ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን ያላት ጠባብ ጌም ቤት አለችው። ዛሬ ከጉርድ ሾላ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ውስጡ መሪ አለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የምር መሪ። ማርሽ አለው። ከታች ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ሦስቱም በእግር የሚረገጡ። ጌሙ እንደ ሌሎቹ የመኪና ጌሞች ግድግዳ ገጭተህ እየሳቅክ የምትቀጥልበት አይደለም። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ከለቀቅክ ሞተሩ ይጠፋል። ኩርባ ላይ ከፈጠንክ ገደል ነው። መንገዱ ሲከፋ መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ዕቃው የአቶ ያዕቆብ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ውጭ አገር ሲሄድ ትቶት የሄደው ነው። እስከ እሁድ ሞክሩት፣ ከአምልኮ ስወጣ መጥቼ ወይ ዋጋውን ወይ ዕቃውን እወስዳለሁ ብለውታል። እንዲህ ሰው የሚያምኑ ሽማግሌ እኛ ሰፈር ቢኖሩ በአንድ ቀን ጫማቸው ይቀር ነበር።

አሁን ችግሩ። ሚኪ ያለው ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ እንድጨምር ይፈልጋል። እኔ ያለኝ እትዬ አልማዝ ጋ ያስቀመጥኩት ብር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት መመዝገቢያ ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው የሚመጣው ሰኞ ነው። ጋሼ ዘሪሁን አጎቴ ነው፣ የእትዬ አልማዝ ባል። ሚኒባሱ የሱ ነው፣ እኔ ረዳቱ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ የማታውን ሥራ እኔ እንድነዳ እናቴን ብሎ ምሎልኛል። ከዘጠነኛ ክፍል ለተባረረ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ከሰማይ አይወርድም።

ግን ጌሙ ራሱ መንዳት የሚያስተምር ከሆነስ? ያኔ በአንድ ብር ሁለት ነገር ገዛሁ ማለት አይደል? ይህን ሐሳቤን ለሚኪ ነገርኩት።

"አንተን ከትምህርት ቤት ያባረሩህ ያለ ምክንያት አይደለም" አለኝ።

ማክሰኞ

የኳስ ጌም ሊጫወቱ የመጡትን ልጆች ሁሉ በግድ መሪው ላይ አስቀመጥናቸው። የመጀመሪያው ሞተሩ ጠፋበት። ደግሞ ጠፋበት። ደግሞ። ተበላሽቷል፣ ሂሳቤን መልስ ብሎ ሚኪን አነቀው። ሁለተኛው ኩርባዋ ላይ እንደ እንዝርት ዞረና ወደ መጣበት ነዳ፤ ቤቱ በሙሉ እየሳቀ ሙድ ያዘበት። አንዲት ልጅ ከወንድሟ ጋር መጥታ ትንሽ ሞከረችና ተነሳች። "ይሄ ጌም ነው ቅጣት?" አለች። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ የለም። ሁሉም ወደ ኳሱ።

ቀጥሎ መብራት ጠፋ፤ ዛሬ ፈረቃው የኛ ነው። ሚኪ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ይተክዛል።

እኔ ለብቻዬ ሳስበው፦
ጥሩ ነገሩ፣ ያምራል። በሰፈሩ ማንም የለውም።
መጥፎ ነገሩ፣ ማንም አይጫወትበትም።
ሌላ መጥፎ ነገር፣ ከገዛሁት እስክሸመግል ድረስ በር ላይ ተንጠልጥዬ "ሾላ ሾላ" እላለሁ።

ዋናው ጥያቄ ግን አንድ ነው። ጌሙ እንደዚህ የሚያስቸግረው እውነተኛ ስለሆነ ነው ወይስ ዝም ብሎ ክፉ ስለሆነ? ይህን ለመፍረድ የነዳ ሰው ያስፈልጋል። ሚኪ ጋሪ እንኳ ነድቶ አያውቅም። እኔ የነዳሁት ታክሲ ተራ ላይ ስንጠጋ ነው፣ እሱንም ወደ ኋላ ሄጄ የሰው መኪና መብራት ሰብሬበታለሁ። የሚያውቀው ጋሼ ነው። ጋሼ ደግሞ ጌም ቤቱን "የሥራ ፈት ጎሬ" ነው የሚለው፤ ብትለምነው አይገባም።

ስለዚህ መሸወድ አለበት። ጋሼን መሸወድ ደግሞ ሙያዬ ነው።

ረቡዕ

ሾላ ገበያ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ወጥመዴን ጣልኩለት። መንጃ ፈቃዱን የሚያሳድስበት ወር መሆኑን አውቃለሁ። "ጋሼ፣ አዲስ መመሪያ ወጣ አሉ። የሚያሳድስ ሹፌር ሁሉ በኮምፒውተር መሪ ሊፈተን ነው" አልኩት። ዘንድሮ ሁሉም ነገር አዲስ መመሪያ ነው፣ ሁሉም ነገር ቢፒአር የሚሉት የመሥሪያ ቤት ለውጥ ነው። ፀሐይም በፈረቃ ልትወጣ ነው ብትለው ጋሼ ያምንሃል። ይባስ ብሎ ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ፣ አዎ እኔም ሰምቻለሁ፣ ብዙ ሹፌር ወድቋል አሉ። እኔ እኮ ወሬውን የፈጠርኩት አሁን ነው! ሰውዬው ከየት ሰሙት?

ጓደኛዬ ጋ ማሽኑ አለ፣ ማታ ልምምድ ያሠራሃል አልኩት።

መጣ። ለሰርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ። መንጃ ፈቃዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ አድርጎታል። ሚኪ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ ጠበቀው። ጋሼ ዝቅ ብሎ "እንደምን ዋሉ ጌታዬ" አለው። ሚኪ እኮ ገና ጢም አላበቀለም። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሸሚዜን ነክሼ ሳቅሁ።

ሳቄ ሲያልፍልኝ ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ፣ ጋሼም ነዳ። ሞተሩ አልጠፋበትም። ልጆቹ ሁሉ ያለቁባትን ኩርባ ዝም ብሎ አለፋት። ፍሬቻው የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። የለውም አልነው። ታዲያ የምን ፈተና ነው ብሎ ተቆጣ። እኔና ሚኪ ተያየን። በቃ፣ ዕቃው እውነተኛ ነው፣ ሹፌር ሲነዳው ይነዳል። ልቤ ውስጥ ብሩን ከእትዬ አልማዝ ተቀብዬ ጨረስኩ።

ቀጥሎ የተራራው መንገድ መጣ፤ ልክ እንደኛ እንጦጦ የተጠማዘዘ ቁልቁለት። የጋሼ እጅ በራሷ ሄዳ ማርሹን ፎሌ አደረገችው። ጋሼ ቁልቁለት ካየ ፎሌ ነው፤ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ መኪናው በራሱ እንዲንከባለል ይለቀዋል። በኛ መስመር እንደዚህ የማይወርድ ሹፌር የለም። ጌሙ ውስጥ ግን መኪናው ፈጠነ። ጋሼ ፍሬን ያዘ። ደግሞ ያዘ። ከጎማው ጭስ ወጣ፣ ፍሬኑ እምቢ አለ፣ ገደል ገባ።

እንደገና አለ። እንደገናም እጁ ሄደች፣ ፎሌ። ገደል። ሦስተኛም እንደዚያው።

ተነሣ። ኮቱን አራገፈ። ሚኪን አመስግኖ ወጣ። ወደ እኔ ዞር ብሎም አላየኝም። ሳቄ የት እንደሄደ አላውቅም።

ሐሙስ

ጋሼ ሥራ አልወጣም። ይህ የሚሆነው ለቅሶ ሲኖር ብቻ ነው።

እትዬ አልማዝ በር ላይ አገኘችኝ። ራት አልበላም አለች። ሹፌርነቱን ከቀሙኝ ምን ሠርቼ አበላሻለሁ ሲላት ነው ያደረው። ምን ሆኖ ነው፣ አንተ የምታውቀው ነገር አለ? ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ጋሼ ጓሮ ነበር፣ መኪናው ሥር ተኝቶ፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። የፊት ጎማው ወልቋል። የሰፈሩ መካኒክ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ የሆነ ነገር በጣቱ እየነካ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ደርሷል። ቱቦው ተሰንጥቆ ዘይት ያንጠባጥባል።

መካኒኩ ጋሼን "ይህን ይዘህ ነው ከእንጦጦ ሥር ሰው የምታወርደው?" አለው።

  በየቀኑ በዚያ ቁልቁለት በሩ ላይ ተንጠልጥዬ እየዘፈንኩ የምወርደው እኔ ነኝ። ከጀርባዬ ደግሞ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ጎመን የተሸከሙ ገበያተኞች።

መካኒኩ ቱቦ ሊገዛ ሲሄድ ተናገርኩ። ትንሽ እንኳ አላሳመርኩትም።

"ጋሼ፣ ፈተና የሚባል ነገር የለም። ጌም ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

ከመኪናው ሥር ወጥቶ ተቀመጠ። እጁን በጨርቅ ቀስ እያለ ጠረገ። ጥፊ ጠበቅሁ፣ ጉንጬንም አዘጋጀሁ።

"ፍሬኑስ?" አለ።

"ምን?"

"ማሽኑ ላይ የከዳኝ ፍሬን። እሱንም አንተ ነህ የፈጠርከው?"

"እሱ እውነት ነው ጋሼ። ጌሙ የሚሠራው እንደ እውነተኛ መኪና ነው።"

ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ። ከዚያ "መፍቻውን አቀብለኝ" አለኝ። አቀበልኩት። እስኪመሽ አብረን ሠራን።

ዓርብ

ፍሬኑ አዲስ ሆኗል። ጋሼ ስለ ቀልዱ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ጋሼ ከተሳደበ አለቀ ማለት ነው፣ ዝም ካለ ግን ገና ነው።

ከሰዓት በፊት ከላይ ሞልተን ወረድን፣ በሁለተኛ ማርሽ። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ መኪናው እንደ ሙሽራ ይራመዳል። ተሳፋሪው አጉተመተመ። አንዱ ጎረምሳ፣ ሹፌር ፎሌ አድርገህ ልቀቀው እንጂ ሥራ ረፈደብን አለ።

ጋሼ ዘወር አለ።

"ወገኖቼ፣ ቀስ ብዬ የምወርደው ወድጄ አይደለም። ይሄ ረዳቴ እሁድ ሊያገባ ነው። በሰላም ላድርሰው ብዬ ነው።"

እልልታው ታክሲዋን ሊገለብጣት ነበር። ውሸት ነው ብል ማን ይሰማኛል? ያፍራል ልጁ አሉ። ሙሽራዋ ማን ናት ብለው ሲጠይቁት ጋሼ፣ ትዕግሥተኛ ልጅ ናት፣ ይህን ሌላ ማን ይችለዋል አለ። ሾላ ገበያ ሲወርዱ አንዲት እማማ ግንባሬን ይዘው መረቁኝ፣ ከሸክማቸውም ትልቅ ጥቅል ጎመን አውጥተው ለሰርግህ ብለው ሰጡኝ። አልቀበልም አልኳቸው። ልትንቀኝ ነው? አሉኝ። ተቀበልኩ። ቀኑን ሙሉ ጎመን ታቅፌ ሂሳብ ሰበሰብኩ። ተራ የሚጠብቁት ረዳቶች ሁሉ "ሙሽራው" እያሉ ይጠሩኛል።

ጋሼ በመስታወቱ እያየኝ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ መዋረዴን ረሳሁት። ከረቡዕ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ጎመኑን ማታ እትዬ አልማዝ ሠራችው። ጣፋጭ ነው፣ መካድ አይቻልም።

ቅዳሜ

ጋሼ የሆነውን ለሹፌሮቹ አውርቷል። የራሱን ሦስት ገደል ግን አላወራም። ያወራው፣ ሲግናል አንድ ማሽን አለ፣ ቁልቁለቱን በሰላም የሚወርድ ሹፌር አልተገኘም፣ ብሎ ነው። ለሹፌር እንዲህ ይባላል እንዴ?

ማምሻውን ጌም ቤቱ ሞላ። ተራ አስከባሪው ሳይቀር ፊሽካውን ይዞ መጥቶ ልክ እንደ ታክሲ ተራ አሰለፋቸው። አንተ ቅድም ጭነሃል፣ ወደ ኋላ ተመለስ ይላል። አንዱ ተቀመጠ፣ ቁልቁለቱ መጣ፣ እጁ ፎሌ። ገደል። ሁለተኛው ሳቀበት፣ ተቀመጠ፣ ፎሌ። ገደል። ትልልቅ ሰዎች እጃቸውን እንደ ሌባ እጅ እያዩ ይነሣሉ። እጄ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም አለ አንዱ። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው በሩ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ፤ ማክሰኞ ሂሳቤን መልስ ያለው ልጅ ዛሬ ለሹፌሮቹ ምክር ይሰጣል።

በመጨረሻ ጋሼ ተቀመጠ። ዛሬ ኮት የለም። ቁልቁለቱ ሲመጣ እጁ ወደ ማርሹ ሄደች፣ ቆመች፣ ሁለተኛ አስገባች። እስከ ታች በሁለተኛ ወረደ። አልፈጠነም፣ ገደልም አልገባም። ተራ አስከባሪው ፊሽካውን ነፋ።

ሚኪ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለ። "እኛ ጌሙን ለልጅ ነበር የምንሸጠው፣ ለካ የሹፌር ነው፤ ነቄ አልነበርንም" አለኝ።

እሁድ

አቶ ያዕቆብ ባሉት ሰዓት መጡ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው።  ጌሙ ይገዛል፣ ይህ አልቋል። ግን በማን ብር? ሚኪ አልጠየቀኝም። አለመጠየቁ ከመጠየቁ ይከብዳል። እትዬ አልማዝ ጋ ሄጄ ብሩን ስጪኝ ልበል ብዬ ተነሣሁ።

ጋሼ በር ላይ ነበር። የመንጃ ፈቃዱን ብር እንዳትነካ አለኝ። ሹፌሮቹን አነጋግሯቸው ኖሯል፤ የወር የጌም ተራቸውን አስቀድመው ሊከፍሉ ተስማምተዋል፣ ተራ አስከባሪው ሰብስቦታል። እያንዳንዱ ጋሼን ሳልበልጥ አላርፍም ብሎ ነው የከፈለው። የሚኪ ግማሽና የሹፌሮቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ሞላ።

አቶ ያዕቆብ ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ መሪውን ትንሽ ነካ አደረጉት። "ልጄ ሲነዳ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር። አንዳንድ ቀን መጥቼ ብቀመጥ ይከፋችኋል?" አሉ። ሚኪ ወንበር አመጣላቸው። እስክሪብቶ ኪሱ ላይ አልነበረም፤ ዛሬ የምር ጨዋ ሆኖ ነው።

ከሰዓት ሥራ ወጣን። ሾላ ላይ ጎመን የሰጡኝ እማማ ተሳፈሩ። ዛሬ አይደለም እንዴ ሰርግህ? አሉኝ። ሙሽራዋ መንጃ ፈቃድ አውጣና ና አለችኝ አልኳቸው። ልክ ናት፣ ቆንጆ ጭንቅላት አላት አሉ።

ስንመለስ ያ ቁልቁለት ደረሰ። ነገ ትምህርት እጀምራለሁ፣ ስለዚህ የጋሼን እጅ እያየሁ ነበር። ወደ ማርሹ ሄደች። ከልምድ ትንሽ ወደ ፎሌ አዘነበለች። ዓይኔን አልነቀልኩም።

"ምን ታፈጣለህ? ሂሳብ ሰብስብ" አለኝ ጋሼ፣ ሁለተኛ እያስገባ።

ሰበሰብኩ። ሞተሩ እስከ ታች ድረስ እያጉረመረመ ወረድን፣ እኔም በሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሾላ ሾላ እያልኩ።