የማይናገረው የገና አባት

ታኅሣሥ 10

ዛሬም ሰም ሳቀልጥ ዋልኩ። ክር መቁረጥ፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ መወጠር፣ ሰሙን ማፍሰስ፣ እስኪጠነክር መጠበቅ… ይሄን ሥራ እወደዋለሁ። ሰም አያናግርም።

ነገ ግን የገና ባዛሩ ይከፈታል። አደባባዩ ላይ የእንጨት ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ አንዷ የአክስቴ ናት። ከእሷ ጋር ቆሜ ሻማ እሸጣለሁ። እሸጣለሁ ይባላል እንጂ… እንዴት አድርጌ?

እማዬ ስትሸኘኝ ያለችው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው። "እስከ ገና ሞክሪው። ካልሆነልሽ መጥቼ እወስድሻለሁ። እንቁላል መጋዘኑ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ እዚያ ማንም አያናግርሽም።" ማስፈራሪያ ነው ወይስ ማጽናኛ? ትምህርቱንም ስምንተኛ ክፍል ላይ የተውኩት በዚሁ ነው። አስተማሪው ሲያስነሳኝ አፌ ይታሰራል። የማውቀው ነገር እንኳ አይወጣም።

እንቁላል መደርደር… ትልቁን እዚህ፣ ትንሹን እዚያ። ዕድሜ ልክ?

ታኅሣሥ 11

ጉድ ሆንኩ።

የመጀመሪያዋ ገዢ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ ነበረች። "ይሄ ስንት ነው፣ የኔ ልጅ?" አለችኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ዕቃ የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛው ስር ገባሁ። ትሄዳለች ብዬ። አልሄደችም። አንገቷን አስግጋ፣ "ወዴት ገባች?" ስትል ሰማሁ።

"እዚያ ስር ሌላ ሱቅ ከፍታ ነው" አለች አክስቴ።

ሴትዮዋ ሳቀች፣ ገዛች፣ ሄደች። እኔ ግን ፊቴ እሳት እንደለበሰ ዋለ። ጎጆውን ስንዘጋ አክስቴ የአንገቴን ቁልፍ ቆለፈችልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ ናት፣ ከባድ ነገር ከመናገሯ በፊት።

"ስሚ አንቺ ልጅ። እወድሻለሁ። ግን ጠረጴዛ ስር የምትሸጥ ልጅ ማስቀመጥ አልችልም።"

እውነቷን ነው። ምን ትበል?

ጎረቤቶቹ እሷን "ሬዲዮ" ይሏታል። ጠዋት አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም። "ሻማ! ኮከብ ሻማ፣ ጎጆ ሻማ! መብራት ቢጠፋ የማያሳፍር!" ለእኔም ከጎናችን ጓንት የሚሸጠው ባለ ጓንቱ ወዲያው ስም አወጣልኝ። "ጭጭ።"

ታኅሣሥ 13

አክስቴ ሻይ እንዳመጣ ላከችኝ። ሆን ብዬ ረጅሙን መንገድ ዞርኩ።

የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ጅራታቸው እውነተኛ ፀጉር ነው። ነካሁት። ከስር ምን እንደሚያዞራቸው ጎንበስ ብዬ አየሁ… የብስክሌት ሰንሰለት! ዛፉ ውስጥ የመብራት ሠራተኛው ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል፤ ዛፉ ጫማ ያደረገ ነው የሚመስለው። መዘምራኑ ሲለማመዱ አንዱ ልጅ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ድምፅ አያወጣም። ከእኔ ሌላ ያወቀበት ያለ አይመስለኝም።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ሊመሽ ሲል የሚመጣው የገና አባት ነው። መሃል ላይ ቀይ ወንበር አለችው። ልጆች ጉልበቱ ላይ ይወጣሉ፣ የሚፈልጉትን ጆሮው ውስጥ ይናገራሉ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቅና ደወሉን ያቃጭላል። አንድ ቃል አይወጣውም! ለምን? መጠየቅ አልቻልኩም፤ ባለ ኦቾሎኒዋ ለአንድ ገዢ ስትነግር ግን ሰማሁ። ከዓመታት በፊት የነበረው የገና አባት ለአንድ ልጅ ብስክሌት ቃል ገባለት አሉ። በማግስቱ የልጁ እናት መጥታ ጺሙን ይዛ ልትነቅለው! "ከዚያ ወዲህ ቃል እንዳይገባ አፉን ዘጉት" አለች።

ውስጡ ማን እንዳለ የሚያውቀው የባዛሩ ኃላፊ ብቻ ነው። ባለ ጎጆዎቹ በየዓመቱ ይወራረዳሉ። ያወቀ ሰው በመጨረሻው ቀን ከባለ ኦቾሎኒዋ አንድ ከረጢት ትኩስ ኦቾሎኒ ይቀበላል። እስካሁን ከረጢቱን የወሰደ የለም።

አይናገርም፣ ግን ሁሉም ይወደዋል። እኔም አልናገርም… ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ታኅሣሥ 15

ማን እንደሆነ ካላወቅኩ እንቅልፍ የለኝም።

ጫማውን አየሁ። ቦት ጫማው ትልቅ ነው፤ ሲራመድ ግን ተረከዙ እየወለቀ ቧ ቧ ይላል። ስለዚህ እግሩ ትንሽ ነው። ትንሽ እግር ያለው ማን ነው? ባለ ጓንቱ! እሱ ደግሞ ሊመሽ ሲል ጎጆውን ጥሎ ይጠፋል።

ተከተልኩት። ዛፉ ጀርባ ሄደ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ከኪሱ… ከረሜላ አወጣ። ሦስቱን ባንዴ አፉ ውስጥ ከተተ። ዞር ሲል አየኝ።

"ጭጭ! ሚስቴ ስኳር ከልክላኝ ነው። ለሬዲዮ እንዳትነግሪ!" ጉንጩ እንዳበጠ ትንሽ አሰበና ሳቀ። "ምን አስጨነቀኝ… አንቺ ደግሞ ለማን ትነግሪያለሽ?"

በዚያው ቅጽበት አደባባዩ ላይ ደወሉ ተቃጨለ። እሱ አይደለማ።

"ለማን ትነግሪያለሽ።" ለክፋት አላለውም። ግን እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ታኅሣሥ 17

አክስቴ ሊመሽ ሲል "ከቤት ሻማ ልጨምር" ትልና ትሄዳለች። ገበያው የሚደራው ያኔ! ብቻዬን።

መላ አገኘሁ። ካርቶን ቆርጬ የየአንዳንዱን ሻማ ስምና ዋጋ ጽፌ ፊት ለፊቱ አቆምኩ። መስኮት ላይ ላለው ትልቁ የጎጆ ሻማ ደግሞ "አይሸጥም" የሚል አንጠለጠልኩበት፤ አክስቴ ለማሳያ ነው ብላ የማትሰጠው፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። አሁን በጣቴ ብቻ እሸጣለሁ። ደህና ሄደ… አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት እያሳዩ እስኪያናግሩኝ ድረስ። ድዳ መስያቸው ነው። እኔ ደግሞ፣ ወይኔ፣ በእጄ መለስኩላቸው!

አዝነው ሁለት ሻማ ገዙኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ታኅሣሥ 20

ሊመሽ ሲል፣ አክስቴ እንደሄደች፣ ጎጆውን በጣቴ ለባለ ጓንቱ አደራ ሰጥቼ ሻይ ላመጣ ሄድኩ፤ ስመለስ ቆም ብዬ የገና አባትን አየሁት። አንድ ልጅ ጉልበቱ ላይ ወጣ። ሊያደምጠው ጎንበስ ከማለቱ በፊት የልጁን የአንገት ቁልፍ ቆለፈለት። ከዚያ ትከሻውን መታ መታ…

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ።

አይሆንም! እሷ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ባለ ጓንቱ ምን አለ? "ማንም ይሁን፣ ሬዲዮ ብቻ አትሆንም። እሷ ያን ያህል ሰዓት ዝም ካለች አምቡላንስ ጥሩ!" ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ናት።

ቤት ስንገባ ሻርፗ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። አነሳሁት። የጺም ጥጥ። ራት ስንበላ ሳህኗ አጠገብ አስቀመጥኩት።

አየችው። አየችኝ። ሬዲዮ ተዘጋ!

"ለሰው ተናገርሽ?" አለች በመጨረሻ።

ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅኩ። "ለማን ትነግሪያለሽ" አላለችም። "ዓይንሽ ሥራ ላይ እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ" አለች። ለምን እንደምታደርገው በዓይኔ ስጠይቃት ጥጡን በጣቶቿ ማፍተልተል ጀመረች።

"ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ እውላለሁ። ማን ምን ይነግረኛል? ፋታ የት ሰጥቼው! እዚያ ወንበር ላይ ስሆን ግን… ሰው ይነግረኛል።"

አክስቴን ሃያ ዓመት ሙሉ የሚያውቋት ይሄን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 24

ዝናብ። አክስቴ ትስላለች። ሳሏ አልነሳም እንደሚል አሮጌ መኪና ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። "ሬዲዮ ሞገዱ ጠፋባት!" ይላል ባለ ጓንቱ።

ማታ ወንበሩ ላይ አንዴ አመለጣት። ጺሙ ውስጥ አፍና አስቀረችው። ባለ ኦቾሎኒዋ ግን ቀና ብላ አየች… አተኩራ አየች።

ታኅሣሥ 27

ድምፅዋ ጭራሽ ጠፋ። ሳሉ ብቻ ቀረ። ነገ የገና ዋዜማ ነው፤ ሰልፉ እስከ ፈረሶቹ ድረስ የሚደርስበት ቀን። ከሳለች ተያዘች፣ ካልሄደች ወንበሩ ባዶ ነው።

በሹክሹክታ፣ "ቁመታችን እኩል ነው" አለችኝ።

"ታዲያ?" ከማለቴ ገባኝ። "እኔ? አክስቴ፣ አልችልም! ያ ሁሉ ሰው…"

"መናገር የለበትም። ከአንቺ የተሻለ ማን አለ?"

ሻማውስ? እሱንም አስባበታለች። እሷ ከካርቶኖቼ ኋላ ተቀምጣ በጣቷ ትሸጣለች። ሬዲዮ በጣቷ!

ለኃላፊው ሄዳ ነገረችው። እሺ ብሏል። ካባው አልጋዬ ላይ ነው። የሰምና የናፍታሊን ሽታ አለው። ከነገ ወዲያ እማዬ ትመጣለች። አሁንም ጣት ነው ያለኝ፣ አፍ የለኝም። ምን እላታለሁ? ካባውን ዘርግቼ አጠፍኩት፣ መልሼ ዘረጋሁት… ፍርሃት ነው? ፍርሃት ብቻ አይመስለኝም። ልጆቹ ምን እንደሚሉ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ታኅሣሥ 28

ሁሉንም ልጻፈው።

ከጺም ኋላ ሲሆኑ ሰው ሌላ ነው። ማንም እኔን አያይም፤ እኔ ግን ሁሉንም አያለሁ። አንዱ ልጅ ውሻ ፈለገ፣ አንዱ የአባቱ ጺም እንዲላጭ፣ አንዱ እዚያው ጉልበቴ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቁልፍ ቆለፍኩ፣ መታ መታ አደረግኩ፣ ደወል አቃጨልኩ። ቀላል ነበር። ጎጆአችን በኩል አየሁ፤ አክስቴ አንዱን ካርቶን በጣቷ እየጠቆመች፣ እየሳለች ትሸጣለች።

ከዚያ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰች ትንሽ ልጅ መጣች። መጣች ሳይሆን እናቷ ከኋላ ገፋቻት። ጉልበቴ ላይ ወጣች፣ አፏን ከፈተች… ምንም።

"ንገሪው እንጂ! ቤት ስትለማመጂ አልነበር?" አለች እናቷ። ከሰልፉ አንዱ፣ "ኧረ ቶሎ በሉ፣ በረደን!" አንዲት ደግሞ፣ "ካላወራች ትውረዳ!" ልጅቷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ያቺን አፍ አውቃታለሁ።

ቁልፏን ቆለፍኩላት። ትከሻዋን ነካሁ። አልሆነም። ደወሉን ባቃጭል ውረጂ ማለት ነው። ምን ላድርግ? ጎንበስ አልኩና ጆሮዋ ውስጥ፣ "እኔም አፍራለሁ" አልኳት።

ፈቀቅ ብላ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረችና በሙሉ ድምፅዋ፣

"እሱም ያፍራል!"

"ማን?" አለች እናቷ።

"የገና አባት! ነገረኝ! እንደኔ ያፍራል!"

"እሱ አይናገርም እኮ፣ የኔ እናት።"

"ተናገረ!"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። የባዛሩ ኃላፊ ከመቀመጫው ተነሳ። ባለ ኦቾሎኒዋ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። አለቀልኝ አልኩ። ልጅቷ ግን ማንንም ከቁም ነገር አልቆጠረችም፤ ወደ እኔ ተመለሰችና ሁሉም እየሰማት፣ "ከወንድሜ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። በግድግዳው በኩል ያለው ለእኔ ይሁን!" አለች።

ደወሉን አቃጨልኩ። ክንዴ እስኪዝል። ኃላፊው ተመልሶ ተቀመጠ።

ደንብ አፈረስኩ? ቃል እኮ አልገባሁም።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። በአፌ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ድምፅ ስለሌላት ትከሻዋ ብቻ እየሳቀ፣ በሹክሹክታ፣ "ሬዲዮ በስንት ዓመት አንድ ቃል ሳታወጣ፣ ጭጭ ባንድ ምሽት!" አለች።

ታኅሣሥ 29

ገና ነው። የባዛሩ የመጨረሻ ቀን።

ጠዋት ሰዉ ጎርፍ ነው፣ ግን ወደኛ የሚዞር የለም። ለካ ድምፅ የለንም። ባለ ጓንቱ ይጮሃል፣ ባለ ኦቾሎኒዋ ትጮሃለች፣ ሬዲዮ ትስላለች። ካርቶን አይጣራም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጺም እንዳለኝ አሰብኩ።

"ሻማ…"

እንደ ድመት ግልገል ነበር። እንደገና። "ሻማ! ኮከብ ሻማ!" ባለ ጓንቱ የያዘውን ጓንት ጣለ። "ጭጭ ተናገረች! ሰው ጥሩ!" አለ። "ዛፉ ጀርባ ከረሜላህን ብላና አርፈህ ሽጥ!" አልኩት። ከየት መጣ? አላውቅም! ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ጉድ ፈላ።

ባለ ቢጫዋ ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። "የቷን ልስጥሽ?" አልኳት። አንጋጣ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ የራሷን የአንገት ቁልፍ በጣቷ ነካች። "ኮከቡን" አለች፣ ጮክ ብላ። ሌላ ምንም አላለችም። ጎበዝ።

ኦቾሎኒውን ዘንድሮም ማንም አልወሰደውም። ባለ ኦቾሎኒዋ አክስቴን አየት አድርጋ፣ "ሳል ላለበት ሰው ጥሩ ነው" ብላ ከረጢቱን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠችው። አወቀች? አላውቅም።

እማዬ… በፊታችን አልፋ ሄደች! ባዶ ሻንጣ ይዛ፣ ልብሴን ልትከት። ባለ ኦቾሎኒዋን "የእህቴ የሻማ ጎጆ የት ነው?" ብላ ስትጠይቃት፣ "ድምፁን ተከተይ" አለቻት። "ይሄ የእህቴ ድምፅ አይደለም" አለች እማዬ። ተመልሳ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች።

"አንቺ ነሽ?"

"የቷን ልስጥሽ፣ እማዬ?"

ሻንጣውን መሬት አስቀምጣ፣ "የመጋዘኑ ሰውዬ ለሰኞ ይጠብቅሻል። ምን ልበለው?" አለች።

"እዚሁ እቀራለሁ በይው" አልኩ። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

እማዬ ወደ እህቷ ዞረች። አክስቴ ልትናገር ሞከረች፣ አልወጣም። ወደ መስኮቱ ሄዳ ከትልቁ ሻማ ላይ ካርቶኑን አወረደች። መጥታ የአንገቴን ቁልፍ ቆለፈች፣ ቁልፌ ላይ አንጠለጠለችው፣ ትከሻዬን መታ መታ።

ካርቶኑ ላይ፣ "አይሸጥም።"

እማዬ ስቃ ስቃ አለቀሰች። ማታ ሻንጣውን ሻማ ሞልታበት ሄደች።

ጉሮሮዬን ያመኛል። ከመጮህ ነው።

ደስ ይላል።